የ165 ዶላሩ ቅጣት፦ የኒውዮርክ ፖሊስ በሕግ የቆመ መኪና ሲቀጣ እንዴት ታወቀ

በሜይ 2016 የኒውዮርክ ፖሊስ ከፖሊስ ብዙም የማይሰማ ነገር ተናገረ፣ ተሳስተናል አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።) ስህተቱ ደሞ አንድ ፖሊስ አንድ ቀን ደክሞት የሠራው አይደለም፣ ለዓመታት በመላው ከተማ ሕጉን ጠብቀው መኪናቸውን ያቆሙ ሰዎችን 165 ዶላር 165 ዶላር ሲቀጡ ነው የኖሩት። ይሄን ያወጣው ጋዜጠኛ አይደለም፣ ጠበቃም አይደለም፣ ከተማው ራሱ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀመጠውን የቅጣት ዝርዝር አውርዶ ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው ነው።

ጉዳዩን ከስሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኦፕን ዳታ (መንግሥት ለማንም ክፍት የሚያደርገው መረጃ) ሲባል ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ አፕ ነው፣ አውቶቡሱ መቼ ይመጣል፣ የቱ ጋ ባዶ ፓርኪንግ አለ ምናምን። እሱም ጥሩ ነው አልጠላም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ጥቅሙ ነው፣ መስሪያ ቤቱ በገዛ እጁ ጽፎት ቁጭ ያለውን ግን ራሱ የማያነበውን ነገር ውጪ ያለ ሰው ሲያነብለት።

ሰውዬው ቤን ዌሊንግተን ይባላል። ትምህርቱ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፣ ብሩክሊን ያለው ፕራት ኢንስቲትዩት ውስጥ ለከተማ ፕላን ተማሪዎች ስታቲስቲክስ ያስተምር ነበር፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰለቹ ምሳሌዎቹን ሁሉ ከኒውዮርክ ከተማ ዳታ ላይ ነው የሚያወጣው። በዛው ያገኛቸውን ነገሮች ከ2014 ጀምሮ ራሱ ድረገጽ ላይ መጻፍ ጀመረ። ያኔ ዳታው መኖሩ ራሱ የአንድ ሕግ ውጤት ነው፣ በማርች 2012 ከንቲባ ብሉምበርግ የፈረሙት የከተማው ሕግ ቁጥር 11 የሚባለው፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች ለሕዝብ ሊወጣ የሚችል ዳታቸውን በሙሉ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ አንድ ፖርታል (መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ድረገጽ) ላይ እንዲያወጡ፣ ያውም ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ እንዲያወጡ የሚያስገድድ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች ግን አይደለችም፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ከወጡት ዝርዝሮች አንዱ የፓርኪንግ ቅጣት ነው። ኒውዮርክ ያኔ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ የፓርኪንግ ቲኬት ትጽፍ ነበር፣ እያንዳንዷ ቲኬት እዛ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ናት። አንዷን መስመር ብታዩ የቅጣቱ ቁጥር፣ የመኪናው ታርጋ፣ ታርጋው የየት ስቴት እንደሆነ፣ ቀኑ፣ የጥፋቱ ኮድ፣ የመኪናው ዓይነትና ቀለም፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተጻፈ፣ በየትኛው ፖሊስ ጣቢያ ክልል ውስጥ እንደሆነ፣ የቤት ቁጥሩና የመንገዱ ስም፣ አንዷ ፊደል ደሞ ማን እንደጻፈው ትነግራችኋለች፣ ፒ ከሆነች ፖሊስ፣ ቲ ከሆነች ትራፊክ (ሥራው ትራፊክና ፓርኪንግ መቆጣጠር የሆነው)፣ ኤስ ከሆነች የጽዳት መስሪያ ቤት። ዳታው ንጹህ ነው ማለት አይደለም ደሞ። በእጅ የተጻፈ ቲኬት አለ በማሽን የወጣ አለ፣ አንዱ አቬኑ ብሎ ሙሉውን ይጽፋል ሌላው አሳጥሮ በሶስት ፊደል ይተወዋል፣ አንዱን መንገድ ሶስት መንገድ አድርጎ የሚቆጥርባችሁ ብዙ ነው፣ ሳታስተካክሉ የደመራችሁ እንደሆነ የምታገኙት ውጤት ሌላ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት በ2014 የሆነችውን ትንሿን ልንገራችሁ፣ የትልቁ መንገድ የተጠረገው በሷ ነውና። ኒውዮርክ ውስጥ ከእሳት አደጋ የውሃ ቧንቧ፣ ማለትም መንገድ ዳር ቆማ ከምታዩዋት ሀይድራንት፣ በግራም በቀኝም 15 ጫማ ርቀህ ነው የምታቆመው፣ ካልሆነ 115 ዶላር ነው። ዌሊንግተን የሀይድራንት ቅጣቶችን በአድራሻ ሰብስቦ የትኛዋ ሀይድራንት ብዙ ገንዘብ ታስገባለች ብሎ ደረደራቸው። ከላይ የመጡት ሁለቱ ማንሃተን ሎወር ኢስት ሳይድ ውስጥ ፎርሳይዝ ስትሪት ላይ የሚገኙ ሁለት ሀይድራንቶች ሆኑ፣ ሁለቱ ብቻ በዓመት ከ55,000 ዶላር በላይ። ምን ቢሆን ነው ብሎ ቦታውን ሲያይ ሀይድራንቷ ከመኪና ማቆሚያው ራቅ ብላ ገባ ያለች ናት፣ በመሀላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፣ ከዛ ወዲህ ደሞ መንገዱ ላይ የማቆሚያ መስመር ጥሩ አድርጎ ተቀብቷል። ሹፌሩ መስመሩን አይቶ ያቆማል፣ ፖሊሱ ሀይድራንቷን አይቶ ይቀጣል። ሁለቱም አልተሳሳቱም በነሱ ቤት።

ነገሩ ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረገጽ ላይ ተራብቶ ጋዜጦች ጋ ደረሰ፣ የከተማው ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ሲጠየቅ የሰጠው መልስ በግምት እንዲህ ነበር፣ ስለዚህ ቦታ ቅሬታ ደርሶን አያውቅም፣ መስመሩን አይተን ማስተካከል ካለብን እናስተካክላለን። ቅሬታ ደርሶን አያውቅም! እኔ ይቺን ሳነብ ስቄያለሁ፣ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በሁለት ቦታ ተቀጥቶ አንድም ሰው ለትራንስፖርት መስሪያ ቤቱ አልጻፈም፣ ለምን ይጻፍ፣ የቀጣው ፖሊስ ነው፣ ገንዘቡን የተቀበለው ፋይናንስ ነው፣ መስመሩን የቀባው ማን እንደሆነ ማን ትዝ ይለዋል። ከሳምንታት በኋላ ግን መጥተው ቀቡት፣ ማቆም ክልክል መሆኑ በግልጽ እንዲታይ አድርገው። በቃ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ራምፑ።

ዊልቸር ከእግረኛ መንገድ ወደ አስፋልት እንዲወርድ ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ የተሠራበት ቦታ አለ አይደል፣ ራምፕ የሚሉት፣ እዛ ፊት መኪና ማቆም ክልክል እንደሆነ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። አንዱ መንገድ ሌላኛው ላይ መጥቶ የሚያልቅበት ቲ የሚመስል መጋጠሚያ አስቡ፣ ከመንገዱ ማዶ ራምፕ ተሠርቷል ግን እዛ ጋ ዜብራ አልተቀባም፣ መብራትም የለም፣ ስቶፕ ምልክትም የለም። እንደዚህ ዓይነት ከዜብራ ጋር ያልተገናኘ ራምፕ ፊት መኪና ማቆም ይቻላል ብሎ ከተማው ደንቡን ቀይሯል፣ ፖሊስ ራሱ በ2009 ነው የተቀየረው ይላል። በፓርኪንግ ለሚሰቃይ ከተማ ይሄ ማለት ብዙ ቦታ ተገኘ ማለት ነው፣ ቀስ እያሉ ደንቡን ያወቁ የሰፈር ሰዎች እዛ ማቆም ጀመሩ። የጥፋት ኮዱ 67 ነው፣ ቅጣቱ 165 ዶላር፣ ከሀይድራንቱ ይበልጣል።

ዌሊንግተን ራሱ መኪና ሲኖረው ይሄን ደንብ አንብቦ ያውቅ ስለነበር እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ያቆም ነበር፣ ይቀጣል፣ ይከራከራል፣ ይሰረዝለታል። እንደገና ይቀጣል፣ እንደገና ይሰረዝለታል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰውና እሱ የሚለያዩት። ሌላው ሰው ገንዘቤ ተመለሰልኝ ብሎ ይተወዋል፣ እሱ ግን እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላም ሰው አለ ብሎ ጠየቀ፣ መልሱ ደሞ ፖርታሉ ላይ ተቀምጧል።

የራምፕ ቅጣቶችን ብቻ ለየ፣ በአድራሻ ሰበሰባቸው፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስትና ከዛ በላይ ቲኬት የተጻፈባቸውን ቦታዎች አወጣ። ሀሳቡን አያችሁት? አንድ ቦታ ላይ አንዴ የተቀጣ ሰው አጥፊ ሊሆን ይችላል። እዛው ቦታ ላይ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰው እየተቀጣ ከሆነ ግን ወይ ሰፈሩ ሁሉ ጥጋበኛ ነው ወይ ሰዎቹ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። የወጡለት ቦታዎች 1,966 ናቸው። ከነሱ ውስጥ እየመረጠ የመንገዶችን ፎቶ በሚያሳየው በጉግል ስትሪት ቪው አንድ በአንድ ሄዶ አያቸው፣ ዜብራ አለ ወይ፣ መብራት አለ ወይ፣ ስቶፕ አለ ወይ። በብዛት ያገኘው ያው ቲ መጋጠሚያ ነው፣ ማዶ ላይ ዝቅ ያለች ጠርዝ፣ ፊቷ አስፋልት፣ ዜብራ የለ ምልክት የለ፣ ፎቶው ላይ ራሱ ብዙ ጊዜ መኪና ቆሞባታል። ከሁሉም የባሰው ብሩክሊን ውስጥ ኦሽን አቬኑ ላይ ያለ አንድ ቦታ ነበር፣ ያ ቦታ ብቻውን በሁለት ዓመት ተኩል ወደ 48,000 ዶላር ቅጣት ተጽፎበታል። አንድ መኪና የምትቆምበት ቦታ ነው እኮ የምላችሁ! ሁሉንም ቦታዎች ሲደምራቸው በዓመት ወደ 1.7 ሚሊዮን ዶላር መጣ።

ስታዩት ሒሳቡ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ መለየት፣ መቁጠር፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ምናምን የለበትም። ከባዱ ሒሳቡ ሳይሆን ምን እንደምትፈልግ ማወቁ ነው፣ ያንን ያወቀው ደሞ የትራፊክ ደንቡን ቁጭ ብሎ ስላነበበና ራሱ ስለተቀጣ ነው። ብዙ ዳታ የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ፣ ፋይሉን ከፍተው ቆንጆ ካርታ ይሠራሉ፣ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ከዛ እንግዲህ ይሄው ይላሉ። ካርታው ላይ ብሩክሊን ቀይ ቢሆን ምን ይነግርሃል፣ ብዙ መኪና አለ ማለት ነው በቃ። ደንቡን ሳታውቅ የሕጋዊውና የሕገወጡ ቲኬት መስመር አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ላይ ኮድ 67 ነው የሚለው።

ዌሊንግተን ያገኘውን መጀመሪያ ለፖሊስ ነው የላከው፣ ከመለጠፉ በፊት። እኔ ብሆን የሚመጣውን መልስ እገምት ነበር፣ ጉዳዩን እያጣራን ነው፣ ወይ ዳታው የተሟላ አይደለም፣ ወይ ጭራሽ ዝምታ። የመጣው ሌላ ነው። ባጭሩ ሲተረክ ትንታኔው መስሪያ ቤታችን ቲኬት ሲጽፍ የሠራውን ስህተት አሳይቷል አሉ፣ ምክንያቱ የቅርብ ጊዜና ለመረዳት የሚያስቸግር የደንብ ለውጥ ፓትሮል ላይ ያሉ ፖሊሶች በትክክል ስላልገባቸው ነው አሉ፣ ደንቡ ሲቀየር ስልጠናውን የሰጠነው በዋናነት አብዛኛውን የፓርኪንግ ቲኬት ለሚጽፉት ለትራፊኮቹ ነበር፣ ይሄን የራምፕ ቲኬት ግን በብዛት የጻፉት ፖሊሶቹ ሆነው ተገኙ አሉ። ስለዚህ ለሁሉም ፖሊስ ደንቡን የሚያብራራ የስልጠና መልእክት ላክን፣ ብዙ ቲኬት የተጻፈባቸው ጣቢያዎች አዛዦችን አነጋገርን፣ ከአሁን በኋላ ደሞ እነዚህን ቲኬቶች በዲጂታል እየተከታተልን በትክክል መጻፋቸውን እናያለን አሉ፣ ለዚህም ትንታኔውንና የዳታውን ክፍት መሆን አመሰገኑ።

የቅርብ ጊዜ ያሉት ለውጥ ሰባት ዓመት እንደሞላው ልብ በሉ። ቢሆንም እኔ መልሱን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ምርመራውን የጨረሰው እሱ ነው። ዌሊንግተን ያወቀው የት ቦታ እንደሚሳሳቱ ነው፣ ለምን እንደሚሳሳቱ ያወቁት እነሱ ናቸው፣ ስልጠናው ለማን እንደተሰጠና ለማን እንዳልተሰጠ ከውጪ ሆኖ ማንም ሊያውቀው አይችልም። መልሱ ባይመጣ ኖሮ ሰዉ ሁሉ ፖሊስ ለገንዘብ ብሎ ነው ብሎ ይደመድም ነበር፣ እኔም ጭምር። የሆነው ግን ገንዘብ ፍለጋ ሳይሆን አንድ ሰርኩላር ለአንዱ ክፍል ደርሶ ለሌላው ሳይደርስ መቅረቱ ነው፣ መስሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል ይሄን።

አሁን ጥያቄው ለምን ያን ያህል ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ ነው፣ ለኔ የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው። ስንት ሰው ተከራክሮ ቲኬቱ ተሰርዞለት ይሆናል፣ ማለትም ከተማው ውስጥ ይሄ ቲኬት ትክክል አይደለም ብሎ የፈረደ ዳኛ ነበረ። ዌሊንግተን ራሱ በተደጋጋሚ ተሰርዞለታል አላልኳችሁም? ግን የፓርኪንግ ክርክር የሚሰማው በፋይናንስ መስሪያ ቤቱ ስር ነው፣ ቲኬቱን የሚጽፈው ፖሊስ ነው፣ ራምፑንና የመንገዱን መስመር የሚሠራው ትራንስፖርት ነው። ዳኛው ሰረዝኩ ይላል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ ወሬው እዛው ይቀራል። ቲኬቱን የጻፈው ፖሊስ እንደተሰረዘ ካልሰማ በማግስቱ እዛችው ቦታ ላይ ይጽፋል፣ ስራዬን ሠራሁ ብሎ። በሦስት ቢሮ የተከፋፈለ እውቀት የጋን ውስጥ መብራት ነው፣ ሦስቱም ቢሮ አላቸው ሦስቱም ጋ አይታይም። ከሦስቱ ውጪ የቆመው ሰው ብቻ ነው ደንቡንም፣ ቲኬቱንም፣ መንገዱንም አንድ ስክሪን ላይ ከፍቶ ያየው።

ሌላኛው ምክንያት ደሞ የተቀጣው ሰው ነው። 165 ዶላር ያናድዳል ግን ሕይወት አያፈርስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈልክ ወይ ካልተከራከርክ መቀጫ ይጨመርበታል፣ ለመከራከር ፎቶ ማንሳት አለብህ፣ የደንቡን አንቀጽ መፈለግ አለብህ፣ መጻፍ አለብህ። አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች እናውቀዋለን መቼም፣ ዲሲ አካባቢ ስንቱ ወገን ታክሲና ኡበር ላይ ነው፣ ስንቱ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ቲኬት የተሰጠው ሰው ቡና ላይ ሲያወራ የሚሰማው ምክር ያው አንድ ነው፣ ወንድሜ ከፍለህ ተገላገል፣ ለ165 ዶላር ስትል የሁለት መቶ ዶላር ቀን ታቃጥላለህ። ምክሩ ትክክል ነው ለዛ ሰው። ችግሩ ሁሉም ትክክለኛውን ምክር ሰምቶ ሲከፍል ስህተቱ በዝምታ ይቀጥላል። እንግሊዝኛው ቸገር የሚለው፣ ፈረቃው የማይመቸው፣ የመንግሥት ወረቀት ሲያይ የሚደነግጠው ሰው ደሞ ከሁሉም በፊት ነው የሚከፍለው።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። ራምፑ እኮ የተሠራው ለዊልቸር ነው፣ ጋሪ ለምትገፋ እናት ነው። ዜብራ ስለሌለ ብቻ መኪና ይቁምበት ማለት ልክ ነው ወይ? ቲ መጋጠሚያ ላይ በዊልቸር የሚሻገር ሰው ማዶ ሲደርስ ፊቱ የቆመ መኪና ቢጠብቀው ምን ያደርጋል? ለሹፌሮች የምሥራች የሆነው ለሱ አይደለም፣ እኔ እንጃ፣ ደንቡን ባወጣ ኖሮ አላወጣውም ነበር። ግን ይሄ ሌላ ክርክር ነው፣ ከተማው ምክር ቤት የሚካሄድ። ዳታው ያሳየው የጻፋችሁትና የምትሠሩት አይገናኝም የሚለውን ብቻ ነው፣ የጻፋችሁት ራሱ ጥሩ ነው ወይ የሚለውን አይመልስም፣ ያንን እንዲመልስ የሚጠብቁ ሰዎች ዳታ ላይ ብዙ ይጭኑበታል።

ቅድም ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ ያልኳት ነገር። ያኔ የዚያው ፖሊስ ሌላኛው ዳታ፣ የመኪና አደጋው፣ መጀመሪያ ላይ ሲወጣ በየወሩ ፒዲኤፍ ሆኖ ነበር የሚወጣው። ፒዲኤፍ ማየት ትችላለህ መደመር ግን አትችልም፣ በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ፒዲኤፉን እየፈለፈሉ ወደ ሠንጠረዥ የሚቀይር ኮድ ጽፈው በነጻ ለቀቁት፣ ከተማው ራሱ ያለውን ሠንጠረዥ መልሰው ለመሥራት። የፓርኪንግ ቲኬቱም እንደዛ በፒዲኤፍ ቢወጣ ኖሮ 10 ሚሊዮን መስመር ማን ይፈለፍላል፣ ኦሽን አቬኑ እስከዛሬ ይጻፍበት ነበር።

ክፍት ይሁን ሲባል ደሞ ሁሉም ይከፈት ማለት እንዳልሆነ ኒውዮርክ በዛው በ2014 ተምራለች። የ2013 የታክሲ ጉዞዎች፣ ወደ 173 ሚሊዮን ጉዞ፣ አንድ የካርታ ባለሙያ በመረጃ ነጻነት ሕጉ ጠይቆ ሃርድ ድራይቭ ይዞ ሄዶ ተቀበለ፣ ሰው እንዲጠቀምበትም ኢንተርኔት ላይ አወጣው። የታክሲው ቁጥርና የሹፌሩ ፈቃድ ቁጥር ኤምዲ5 በሚባል ዘዴ ተሸፍኖ ነበር፣ ግን የታክሲ ቁጥር አጭርና ቅርጹ የታወቀ ስለሆነ አንድ ፕሮግራመር ሊኖሩ የሚችሉትን ቁጥሮች ሁሉ አስልቶ ሽፋኑን በሰዓታት ውስጥ ገለጠው። ከዛ በኋላ የትኛው ሹፌር የት እንደሄደ፣ በዓመት ስንት እንደሠራ ማወቅ ተቻለ፣ ጭራሽ አንዱ በሶላት ሰዓት የሚቆሙትን ታክሲዎች እያየ ሙስሊም ሹፌሮችን እለያለሁ ብሎ ሞከረ። እነዚህ ሹፌሮች ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች ናቸው፣ ማንም አልጠየቃቸውም። የቲኬቱም ዳታ ላይ ታርጋ አለ፣ እኔ ይሄ አይመቸኝም፣ ዌሊንግተን ለሠራው ሥራ ታርጋ አንዴም አላስፈለገውም፣ አድራሻና ኮድ በቂ ነበር።

የሚቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እኔ ባነበብኩት የፖሊስ መልስ ውስጥ ስለ ስልጠና አለ፣ ስለ ክትትል አለ፣ ቀድሞ ለተከፈለው ገንዘብ ግን ምንም የተባለ ነገር የለም። በየትኛው አድራሻ፣ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ታርጋ እንደተጻፈ አንድ በአንድ የሚታወቅ ገንዘብ ነው፣ ስህተት ነበር ተብሎ ታምኗል። እንግዲህ ከተማው ያልከፈለ ሹፌርን እስከ መጨረሻው ተከታትሎ መኪናውን አስጎትቶ እስከመውሰድ ድረስ የሚሄድበት ሥርዓት አለው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ አልተሠራም።

ነገሩ በርግጥ ቆሟል ወይ የሚል ሰው ካለ ማንንም ሳያስፈቅድ ማየት ይችላል። የኒውዮርክ ኦፕን ዳታ ፖርታል ላይ የፓርኪንግ ቲኬቶቹ በየበጀት ዓመቱ ተከፋፍለው ተቀምጠዋል፣ የነሱ በጀት ዓመት ጁላይ 1 ነው የሚጀምረው። ኮድ 67ን ለይታችሁ፣ የጻፈው ፒ የሆነውን ብቻ አስቀርታችሁ፣ ከሜይ 2016 በፊትና በኋላ ያለውን አወዳድሩ። የተከፈለውንና የተሰረዘውን የሚያሳይ ሌላ ሠንጠረዥ ደሞ አለ፣ ክርክሩ በምን እንዳለቀ የሚል ኮለም ያለው፣ ሁለቱን በቲኬት ቁጥር ካገናኛችኋቸው ዳኞቹ እየሰረዙት ፖሊሶቹ የሚጽፉበት ቦታ የት እንደሆነ ይወጣላችኋል። መንገዶቹን ስትሰበስቡ የስሙን አጻጻፍ ማስተካከሉን እንዳትረሱ፣ ከዛ ከላይ የመጡትን ስትሪት ቪው ላይ ክፈቱና ዜብራ መኖር አለመኖሩን እዩ፣ ፎቶው የተነሳበትን ወርና ዓመትም ጥግ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ዜብራው በኋላ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል።